ያልተቀበለችው ሹመት

ባለፈው ወር በሰፈራችን የደረሰ ለቅሶ ሦስተኛ ቀን ነበር። የዕድሩ ድንኳን ሊነሳ ጥቂት ሰዓታት ሲቀሩት አምስት ሰዎች አንድ ጥግ ላይ ተቀምጠን ስናወጋ፣ ወሬው በዚያ ቀን ድንኳኑ ውስጥ ወዳልነበረች አንዲት ጎረቤታችን ዞረ። ይህች ሴት በወረዳው የገቢዎች መሥሪያ ቤት 11 ዓመት አገልግላለች፤ በገንዘብ ሰብሳቢነት ተቀጥራ ቡድን መሪ እስከ መሆን የደረሰችው ማንም ሳይገፋላት በሥራዋ ብቻ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት ደግሞ በዞኑ ከተማ የምክትል መምሪያ ኃላፊነት ሹመት ደርሷት ነበር። ከተማው በሚኒባስ ከአንድ ሰዓት በላይ ስለሚወስድ፣ እዚያ የሚሠራ ሰው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በፊት ቤቱ አይገባም። እሷም «በቤተሰብ ጉዳይ ምክንያት» የሚል አንድ መስመር ጽፋ ሹመቱን እንደማትቀበል አሳወቀች። ክርክራችን የዚህን አንድ መስመር ትርጉም ለማወቅ ነበር።

ነገሩን የጀመሩት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። በማስተማር ዘመናቸው ሴት ልጆችን ለመዳር ከቸኮሉ ወላጆች ጋር እየተሟገቱ ብዙዎችን በትምህርት ገበታቸው ላይ ያቆዩ ሰው ስለሆኑ፣ የተናገሩት ከቁጭት እንጂ ከንቀት እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በእሳቸው እምነት ሴት ልጅ ለሕዝብ ሥራ የምትበቃው ገና በልጅነቷ ቤተሰቧ አምኖባት ሲያሳድጋት ነው፤ ያ እምነት የጎደላት ሴት በኋላ ቢሾሟትም ወንበሩን ትፈራዋለች። ለዚህም ስንዱ ገብሩን ጠቀሱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ፣ ወንድ ልጅን እንኳ ወደ ውጭ አገር ልኮ ማስተማር ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ ሴት ልጃቸውን ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ላኩ። ስንዱም ወደ አገራቸው ተመልሰው በጠላት ወረራ ጊዜ ከአርበኞች ጋር ተሰለፉ፤ ተማርከውም ወደ ጣሊያን ተጋዙ። ከነፃነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ርዕሰ መምህርት ሆኑ፤ እ.ኤ.አ. በ1957 በተደረገው ምርጫም የሕዝብ እንደራሴ ለመሆን የበቁ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። መምህሩ «ይህ ሁሉ የተጀመረው በአንድ አባት ውሳኔ ነው» ብለው አቆሙ።

በሠላሳዎቹ ዕድሜ ላይ የምትገኝ አንዲት ዐቃቤ ሕግ አጠገባቸው ተቀምጣ ነበርና በአክብሮት ተቃወመቻቸው። «መምህር፣ የከንቲባ ገብሩ ውለታ አይካድም፤ ነገር ግን እሳቸው ያደረጉትን ለማድረግ አቅሙ የነበረው አባት በዚያን ጊዜ ስንት ነበር? ዛሬ ደግሞ ነገሩ ተገላብጧል። የእኔ አባት ገበሬ ነው፤ እኔን ለማስተማር በሬውን ሸጧል፤ ስመረቅም አገር ጠርቶ ደግሷል። ልጅ ለማስተማር የሚሰስት ወላጅ እየቀነሰ ነው። እኔና ጓደኞቼ የተፈተንነው ከምርቃት በኋላ፣ ልጅ ከወለድን በኋላ፣ ስብሰባው ሲመሽና የመስክ ሥራው ሲበዛ ነው። ያን ጊዜ ልጄን ማን ይዞ ያመሻል የሚለው ጥያቄ ከየትኛውም ፈተና ይከብዳል» አለች። ከዚያም የብርቱካን ሚደቅሳን ታሪክ አነሳች። ብርቱካን ዳኛ ሆነው ሠርተዋል፤ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ታስረው ተፈተዋል፤ በ2001 ዓ.ም. እንደገና ሲታሰሩ ትንሽ ልጃቸውን ይዘው የቀሩት አረጋዊት እናታቸው ነበሩ። «እኒህ እናት ባይኖሩ ኖሮ» አለች ዐቃቤ ሕጓ፣ «በ2011 ዓ.ም. የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ የሆኑትን ሴት እናገኛቸው ነበር ወይ? እኔ እንጃ።»

በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት አስተዳደር ሠራተኛ የሆነው ወጣት ደግሞ መንግሥት የድርሻውን ተወጥቷል የሚል አቋም ነበረው። ስለ ሴቶች መብት የሚደነግገውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 35 ጠቀሰ፤ በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ለወላዷ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ እንደሰጠ፣ መሥሪያ ቤቶችም የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ እንዳዘዘ አብራራ። በጥቅምት 2011 ከሚኒስትሮቹ ግማሹ ሴቶች መሆናቸውን፣ በዚያው ወርም ሳህለወርቅ ዘውዴ ርዕሰ ብሔር መሆናቸውን አስታውሶ፣ «በሩ ተከፍቷል፤ የቀረው የቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ እዚያ ደግሞ መንግሥት አይገባም» አለ። ዐቃቤ ሕጓም ለማቆያ ተብሎ የተለየ ክፍል አሮጌ መዝገብ የተከመረበት አንድ መሥሪያ ቤት እንደምታውቅ፣ ማቆያው ቢኖርም እንኳ ማታ እንደማይሠራ፣ ከወረዳ ወደ ዞን መሻገር ያልቻለች ሴት ደግሞ ወደ ሚኒስትርነት የምትደርስበት መንገድ ጠባብ እንደሆነ መለሰችለት። ወጣቱ ስለ ማቆያው አልተከራከራትም።

እስከዚያ ዝም ብለው ያዳመጡት የዕድሩ ሰብሳቢ በመካከሉ የተናገሩት ነገር ወሬውን ወደ ሌላ መንገድ ወሰደው። «እኔ ስለ ሹመት አላውቅም፤ የማውቀው ግን ይህች ልጅ ዘንድሮ ሦስት ለቅሶ አልደረሰችም፤ ቅጣቱን ትከፍላለች፤ ጉልበቷን ግን አላየነውም» አሉ። ይህን ሲሉ ከድንኳኑ ጀርባ ተረኞቹ የዕድር ሴቶች እንጀራ ሲያወጡና ወጥ ሲጨልፉ ድምፃቸው ይሰማን ነበር። እኛ ከተቀመጥንበት ረድፍ አንድም ወንድ ለተራ አልተጠራም።

ቡና ይዘው የገቡት እማማ የሴትየዋ እናት ጎረቤት ናቸው። ስኒውን እያደሉን የሰብሳቢውን የመጨረሻ ቃል ሰምተው ቆሙ። «ልጆቼ፣ ስለ ልጅቷ ይህን ያህል ስታወሩ ስለ እናቷ አንድ ቃል አልሰማሁም። ሦስቱንም ልጆች ከአራስነታቸው ጀምራ ያሳደገችው እሷ ናት። ልጅቷ ስብሰባ ስታመሽ፣ መስክ ስትወጣ ልጆቹ አንድም ቀን ጦማቸውን አላደሩም። ጥር ላይ ግን ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። አሁን በምርኩዝ ነው ከአልጋዋ እስከ በር የምትደርሰው። ልጅቷ ማታ እናቷን አጥባ፣ ልጆቿን አብልታ ታድራለች፤ ጧት ቢሮ ትገባለች። ባሏ ሹፌር ነው፤ ግማሹን ወር መንገድ ላይ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሹመቱን ስትነግረው ‘ሂጂ’ ብሏታል። ሂጂ ማለቱ ግን ለልጆቹ እራት አይሆንም።»

ሰብሳቢው «ይህን አልሰማንም ነበር» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። እማማ ግን ቀጠሉ። «ሰምታችኋል እንጂ! ሆስፒታል በተኛችባቸው 12 ቀናት እኛ ሴቶቹ በተራ ምግብ አመላልሰናል፤ እናንተም ጠይቃችኋታል። ወደ ቤቷ ስትመለስ ግን ሁላችንም ወደየቤታችን ገባን፤ እኔም ጭምር።» ከዚያም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስለሆነችው የእኅታቸው ልጅ አወሩን። የተቀጠረችው በተወለደችበት ቀበሌ ስለሆነ ሰዉ ያውቃታል፤ ቤት ለቤት ስትዞር በር ይከፈትላታል፤ ክትባት ነው ስትል የሚጠራጠራት የለም። ከወለደች በኋላ ልጇን በጀርባዋ አዝላ ዳገት ስትወጣ ግን «አንድ ቀን እንኳ ‘እኔ ልያዝልሽ’ ያላት አልነበረም፤ አለፍ ሲል ውኃ ይሰጧታል» አሉን። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው ይህ ፕሮግራም ከ30,000 የሚበልጡ ሠራተኞችን ያሰማራ ሲሆን ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ሴቶች ናቸው። በየገጠሩ በዚያ ዓይነት ዳገት የወጡት ስንት እንደሆኑ እያሰብኩ ቡናዬ በእጄ ላይ ቀዘቀዘ።

ከዚያ ወዲህ ይህን ክርክር በልቤ ስመላልሰው ከርሜያለሁ። መምህሩም ዐቃቤ ሕጓም እውነት ነበራቸው፤ ይሁን እንጂ ሁላችንም «ድጋፍ አገኘች ወይስ አላገኘችም» በሚል አንድ ጥያቄ ላይ ተይዘን ነበር። እንደ እኔ አስተያየት የማኅበረሰባችን ድጋፍ የጎደለው በብዛቱ ሳይሆን በዕድሜው ነው። እኛ ለለቅሶ ሦስት ቀን፣ ለአራስ ሁለት ሳምንት፣ ለታመመ እስኪሻለው ድረስ ከማንም የማናንስ ነን፤ በዚህ ረገድ ዕድሮቻችን የሚያስመኩ ናቸው። በሕዝብ ሥራ ላይ ያለች ሴት ኑሮ ግን እንደ ለቅሶ በሦስተኛው ቀን አያበቃም፤ 30 ዓመት ሙሉ፣ በየምሽቱ፣ እራት የሚያበላና ደብተር የሚያይ ሰው ይፈልጋል። ያን የረጅሙን ዘመን ሸክም ለአንዲት እናት ወይም ለአንዲት እኅት ትተን እንሄዳለን። የእሷ ጉልበት ሲከዳ የልጅቷም ሹመት አብሮ ይወድቃል፤ እኛ ደግሞ ወንበር ፈራች እንላለን።

ይህን የምናገረው ዕዳ ስላለብኝ ጭምር ነው። እኔ ሁለት ልጆች እያሳደግሁ 19 ዓመት በመንግሥት ሥራ ላይ የቆየሁት ታላቅ እኅቴ ከእኔ ጋር ስለኖረች ነው። እሷ ትምህርቷን ያቋረጠችው ከ8ኛ ክፍል ነው። ለዕድገት ስወዳደር ከማስረጃዎቼ መካከል የእሷ ስም የተጻፈበት አንድም ወረቀት አልነበረም፤ ዕድገቱን ሳገኝም «በጥረቴ» ብዬ ተናግሬአለሁ። ዛሬ ያን ቃል መልሼ ብወስደው ደስ ይለኛል። የሴትን ድካም ማሳነሴ አይደለም፤ የሁለት ሴቶችን ድካም በአንዲት ስም መጥራት ግን ፍትሕ አይመስለኝም።

ወጣቱ መንግሥት ወደ ቤት አይገባም ያለው ልክ ሊሆን ይችላል። ዕድር ግን ይገባል። በብዙ ከተሞች ዕድሮች ከቀብር ሥነ ሥርዓት አልፈው ወላጅ ያጡ ሕፃናትንና ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን መርዳት ከጀመሩ ቆይተዋል፤ የእኛም ደንብ በአባላቱ ድምፅ የሚሻሻል ነው። ስለዚህ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ሁለት ነገር በጽሑፍ አቅርቤአለሁ። አንደኛው የአገልግሎት ተራ ወንዶችንም እንዲጨምር ነው። ሁለተኛው፣ አልጋ የያዘ ወላጅ በሚያስታምም አባል ቤት በሳምንት የተወሰኑ ምሽቶችን በተራ እንድናግዝና ይህም ለቅሶ እንደመድረስ እንዲቆጠር ነው። ሰብሳቢው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብበው አጀንዳ ውስጥ አስገብተውታል፤ የመጀመሪያው ነጥብ እንደሚያከራክር ግን አልደበቁኝም።

ወጣቱም አጣርቶ የዞኑ ቦታ እስካሁን እንዳልተያዘ ነግሮናል። ባለፈው እሑድ እማማና ዐቃቤ ሕጓ ከእኔ ጋር ሆነው እናትየዋን ልንጠይቅ ሄድን፤ ልጅቷም ቤት ነበረች። ስለ ሹመቱ አንስተን አላስጨነቅናትም። ምሽቶቹን ብቻ ተካፈልን፤ ሰኞን እማማ፣ ረቡዕን ዐቃቤ ሕጓ ወሰዱ፤ ማክሰኞና ሐሙስ የእኔ ናቸው። ዓርብን የሚይዝ ሰው ገና አላገኘንም።