ስኬጁል ነው ሼጁል?

ሰሞኑን አንድ ዓይነት ሰው በዝቷል። ስብሰባ ላይ አንዱ «ስኬጁላችን ተዛብቷል» ሲል፣ የተዛባውን ትቶ «ሼጁል ለማለት ነው?» እያለ ቅንድቡን የሚሰቅል።

«ከባለቤት ያወቀ ቡዳ ነው» ይባላል። ከተረት ሁሉ ይቺን የሚያህል የለም፤ እንግሊዝኛ ላይ ስትደርስ ግን ትቸገራለች። ባለቤቱ ማነው? «ሼ» የእንግሊዝ፣ «ስኬ» የአሜሪካ ነው እንበል። ቃሉ ከፈረንሳይኛ ሲገባ ግን በ«ሴ» ነበር የሚጀምረው። ቅጠላ ቅጠሉንም እንግሊዙ «ኸርብ» ብሎ፣ «ኧርብ» በሚለው አሜሪካዊ ይስቃል። «ኸ»ዋ እኮ ስትጻፍ እንጂ ስትነበብ አልኖረችም፤ እንግሊዝ ድምፅ የሰጣት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የጥንቱን የያዘው ይሳቅበታል!

ከሁሉ የሚያንገበግበው ግን ውሃን፣ «ዋተር»ን፣ «ዋረር» ማለት ነው። አሜሪካኖች በአናባቢዎች መሀል የወደቀችን «ት» ምላሳቸውን ከላይኛው ድድ ነካ አድርገው ያልፏታል፤ የሚወጣው «ጆሮ» ስንል የምናሰማት «ር» ናት። በነፃ ያለችንን ድምፅ ነው እንግዲህ ሰውየው ከቦሌ ኤርፖርት እንደ ዲግሪ ይዟት የሚወጣው። ይባስ ብሎ «ሆሬል» ይላል! ከ«ት» ቀጥሎ ያለው ቀለም ጠበቅ ተደርጎ ከተነሳ «ት» አትነካም፤ ሆቴል አሜሪካም ሆቴል ነው። አዋቂ መምሰል ካማረህ እንኳ ደንቡን እወቅ እንጂ።

የኒውዮርክ ሻጮች ይሻላሉ። እ.ኤ.አ. በ1962 ዊሊያም ላቦቭ የተባለ የቋንቋ ምሁር ሦስት ትልልቅ መደብሮች ገብቶ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ እንዳለ የሚያውቀውን ዕቃ የት እንደሚገኝ ይጠይቃል። «ፎርዝ ፍሎር» ሲሉት ያልሰማ መስሎ ያስደግማቸዋል። ሲደግሙት የዋጧት «ር» ብቅ ትላለች። ከ264 ሻጮች በውዱ ሳክስ ካሉት 62 በመቶው ቢያንስ አንዴ «ር»ን አሰምተዋል፤ በርካሹ ክላይን አንድ አምስተኛ ያህሉ ብቻ። ዋጋው ሲወርድ ፊደሉም ይጎድላል ማለት ነው። ለንደን ሂዱ ደግሞ፣ ያቺኑ «ር» መዋጥ የጨዋ ልጅ ምልክት ነው።

ስብሰባው? ሰዓቱ አልቆ ለሐሙስ ተቀጥሯል። «የጊዜ ሰሌዳ» የሚል ቃል ያነሳ አልነበረም።