ለጥረዛ ቤቱ ባለቤት የክብር ዶክትሬት ይሰጥልን

ሰኔና ሐምሌ በመጣ ቁጥር ዩኒቨርሲቲዎቻችን የክብር ዶክትሬቱን ለማን እንደሚሰጡት ሲጨነቁ አያለሁ። ለድምፃዊ ሰጡ፣ ለአትሌት ሰጡ፣ ለባለሀብት ሰጡ። ይሁን፣ አልመቀኝም። ግን ለአገራችን የመጀመሪያ ዲግሪ ምርምር ከማንም በላይ እንቅልፉን ያጣው ሰው፣ ከግቢው በር ማዶ «ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ጥረዛ» የሚል ሰሌዳ ሰቅሎ የተቀመጠው ወንድማችን፣ እስከ ዛሬ ድረስ ጋውን ትከሻው ላይ አርፎ አያውቅም። ይህ ግፍ ካልሆነ ግፍ የሚባለው የትኛው ነው?

እስቲ የዚህን ሰው ያህል የተማረ አሳዩኝ። ረፋዱ ላይ ሶሺዮሎጂስት ነው፤ የጎዳና ልጆችን ችግር መንስኤና መፍትሔ በሰባ ገጽ ያስቀምጣል። ከምሳ በኋላ አካውንታንት ይሆንና የውስጥ ኦዲትን ውጤታማነት ይመረምራል። አመሻሹ ላይ የሺፈራው ቅጠል የትኛውን ባክቴሪያ እንደሚያጠቃ ያውቃል፤ ማታ መብራት ካልጠፋ ደግሞ የአንድ ልቦለድ ገጸ ባሕርያትን ሲተነትን ያድራል። ሌላው ዓለም የተፈጥሮ ሳይንሱን፣ ማኅበራዊ ሳይንሱንና ሥነ ሰብዑን አንድ ጣሪያ ሥር ለማገናኘት ስንት ገንዘብ ያፈሳል። የእኛው ሰውዬ በአንድ አሮጌ ኮምፒውተርና ቫይረስ በጠገበ ፍላሽ አገናኝቶታል።

የሙያውን ረቂቅነት በዓይኔ አይቻለሁ። መታወቂያ ኮፒ ላስደርግ ገብቼ ወረፋ ስጠብቅ አንድ ጂሲ፣ ማለትም የዘንድሮ ተመራቂ ተማሪ፣ ከፊቴ ተቀምጧል።

«ርዕስህ ምንድን ነው?» አልኩት፣ ጨዋታ ለመጀመር ያህል።

«እሱ ያውቀዋል ጋሼ» አለኝ፣ በአገጩ ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠውን ልጅ እያሳየኝ።

«እሱ» የተባለው ስለ ሐዋሳ ዓሣ አስጋሪዎች ኑሮ ቀደም ሲል የተሠራ ወረቀት ከፍቶ፣ ፈልገህ ተካ የሚለውን ትእዛዝ ጠርቶ፣ ሐዋሳ የሚል ያለበትን ሁሉ አዳማ አደረገው። አንዲት ቁልፍ ነው የነካው። ስምጥ ሸለቆ ሐይቆቹን ለመፍጠር ስንት ሺህ ዘመን ፈጅቶበታል፤ ልጁ ግን ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ለአዳማ ሐይቅ ሰጣት። «በአዳማ ሐይቅ ዳርቻ የሚኖሩ አስጋሪዎች» በጀልባ እጥረት እንደሚቸገሩ፣ የቆሮሶ ምርትም ከዓመት ዓመት እየቀነሰ መምጣቱን ቆሜ አነበብኩ። ኋላ እንደሰማሁት ወረቀቱ አልፏል። ገምጋሚዎቹ ስለ ሐይቁ ያነሱት ጥያቄ አልነበረም፤ የመረብ ዋጋ መወደዱ ግን አሳዝኗቸዋል አሉ።

የምስጋናው ገጽ ደግሞ የልብ ስፋት የሚታይበት ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ፈጣሪ ይመሰገናል። ቀጥሎ «ላልተቋረጠ ክትትላቸው» አማካሪው ይመሰገናሉ፤ ሁለቱ የተገናኙት ርዕስ ሲጸድቅና ሽፋኑ ላይ ሲፈረም ነው። ጥድፊያ ከበዛ ደግሞ የሚመሰገኑት የመጀመሪያው ጸሐፊ አማካሪ ሆነው ይቀራሉ፤ አይተውት የማያውቁት ልጅ ከሌላ ክልል ሆኖ ውለታቸውን ይቆጥራል። እናትም እንዲሁ ናቸው። የሰው እናት ተመስግነው፣ የራሱ እናት ዳቦ ደፍተው ይጠብቁታል።

ምዕራፍ ሦስት ላይ ስንደርስ ግን እጅ መንሳት ያስፈልጋል። ታሮ ያማኔ የተባሉ ሰው በ1967 (እ.ኤ.አ.) መጽሐፋቸው ያሰፈሯት፣ ከስንት ሰው ስንቱን መጠየቅ እንደሚበቃ የምትነግር አንዲት የናሙና ቀመር አለች። መጽሐፉን ገልጦ ያየ ሰው አላጋጠመኝም፤ ቀመሯን የማያውቅ ጂሲ ግን የለም። የሰዎቹን ብዛት ትይዛለህ፤ ያንኑ ብዛት በ0.05 ካሬ አባዝተህ አንድ ትደምርበታለህ፤ ለዚያ ታካፍላለህ። 400 ሠራተኛ ካለ 200 ይወጣል፤ 1000 ካለ 285.71፣ ማለትም 286። ስሌቱ ከነነጥቡ፣ ከነቀመሩ በአንድ ሙሉ ገጽ ይቀመጣል። ቀመሩ የሚሠራው መላሾቹ በዕጣ ከተመረጡ ነው የሚሉ ነገር አክራሪዎች አሉ። እኛ ዘንድ መጠይቁ ለጥበቃው፣ ለፀሐፊዋና ምሳ ሰዓት ላይ ቢሮ ለተገኘ ሰው ይሰጣል፤ የተረፈው ዶርም ይገባል።

ዶርም ከገባ በኋላ የሚሆነውን ያየ ያደንቃል። ከራት መልስ የክፍሉ ልጆች አልጋ ላይ ተደርድረው ይሞላሉ። እንዳይነቃ ሰማያዊና ጥቁር እስክሪብቶ ይቀያየራሉ፤ አንዱ በግራ እጁ ይሞክራል። ከእናቱ ቤት ከወጣ ገና አራት ዓመት ያልሞላው ልጅ «ፆታ፡ ሴት። ዕድሜ፡ 46–55። የጋብቻ ሁኔታ፡ የፈታች። የሥራ ልምድ፡ ከ20 ዓመት በላይ» ብሎ ይጀምርና፣ በደረጃ ዕድገት በኩል የደረሰባትን በደል አንድ በአንድ «በፍጹም አልስማማም» እያለ ያወጣላታል። የሰው ችግር እንዲህ የሚገባው ትውልድ ከየት ይገኛል?

እኔም የድርሻዬን ተወጥቻለሁ። መሥሪያ ቤታችን ካምፓስ አጠገብ ስለሆነ ግንቦት በገባ ቁጥር መጠይቅ ይጎርፍልናል፤ ሁሌም ስለ ሠራተኛ መነሳሳት ነው። አጠገቤ የምትቀመጠው ባልደረባዬ አንድ ጊዜ የሞላችውን ኮፒ አስደርጋ መሳቢያዋ ውስጥ አስቀምጣለች፤ ተማሪ ሲመጣ አንድ ቅጂ ታወጣለታለች። ጥያቄዎቹ ስለማይለወጡ እስካሁን ቅር የተሰኘ የለም። ዘንድሮ የመጣው ልጅ ግን የተለየ ነበር።

«ጋሼ፣ እርስዎ ሁሉንም 5 ላይ ያድርጉልኝ። እትዬ ደግሞ ሁሉንም 2 ላይ።»

«ለምን?»

«አልፋው እንዲያምርልኝ ነው።»

የክሮንባክ አልፋ ማለቱ ነው፤ ጥያቄዎቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚጣጣሙ የሚለካው ቁጥር፤ ከ0.7 በላይ ከሆነ ደኅና ነው ይባላል። ሁላችንም 5 ብንል ልዩነት የሚባል ነገር ስለሚጠፋ አልፋው ጭራሽ አይሰላም። አንዱ ከላይ እስከ ታች ደስተኛ፣ ሌላው ከላይ እስከ ታች የተከፋ ሲሆን ነው ወደ 1 የሚጠጋው። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ልጅ መጠይቁን በትክክል ቢበትነው ምን ነበረበት እንዳትሉ። ጊዜ የለውም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና መጥቶበታል፤ የጂሲ ሱፍ ገና ልብስ ሰፊው ጋ ነው።

ከዚያ በኋላ ምዕራፍ አራት በታላቅ ዜና ይከፈታል፤ «ከተበተኑት 286 መጠይቆች 286ቱ ተሞልተው ተመልሰዋል፤ ይህም 100 በመቶ ነው።» በሌላ አገር ግማሹ ከተመለሰላቸው ደስ የሚላቸው ተመራማሪዎች አሉ፤ ያሳዝናሉ። የጥናቱ ውስንነት የጊዜና የገንዘብ እጥረት ነው፤ የመፍትሔ ሐሳቡም የሚመለከተው አካል ትኩረት እንዲሰጥ ነው። የሚመለከተው አካል ማን እንደሆነ እስካሁን ጥናት አልተሠራበትም።

ኢንጂነሪንግ በኩል ያሉት ደግሞ አንድ ለአምስት አደረጃጀትን ነፍስ ዘርተውበታል፤ አንዱ ለአምስቱ ይሠራል። የቡድኑ ሰቃይ ሌሊት ያነጋል፣ አንደኛው ፕሪንት ያስደርጋል፣ አንደኛዋ ፓወር ፖይንቱን ታሳምራለች፣ የቀሩት ሁለቱ በጸሎት ያግዛሉ። በፀሐይ ኃይል የሚሠራው የመስኖ ፓምፕ በሲሙሌሽን ላይ እንደ ጉድ ውኃ ይስባል። ሲሙሌሽን ውስጥ የሚዘራ ገበሬ ብቻ ነው የጎደለን። ኮምፒውተር ሳይንሶችም የቤተ መጻሕፍት ማስተዳደሪያ ሥርዓት በየዓመቱ እንደ አዲስ ይሠራሉ፤ የራሳቸው ቤተ መጻሕፍት ግን እስካሁን በካርድና በመዝገብ ያውሳቸዋል።

ተማሪው ወረቀቱን ገምጋሚዎች ፊት የሚያቀርብበት ዲፌንስ የሚባለው በዓል ላይ ታድማችሁ ካላወቃችሁ ብዙ ቀርቶባችኋል። ተማሪው ክራቫት አስሯል። ጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውኃና ብስኩት አለ፤ ቤተሰብ የሚችል ከሆነ ኬክም ይኖራል። ገምጋሚው ወረቀቱን ገልጠው በጥሞና ያያሉ።

«እዚህ ጋ ግራው ማርጂን 1.5 ኢንች አይደለም።»

«አስተካክላለሁ።»

«ፎንቱ ታይምስ ኒው ሮማን 12 ነው?»

«አዎ ዶክተር።»

«ማጣቀሻው ላይ ነጠላ ሰረዝ ቀርቷል። በወደፊት ሕይወትህ በነጠላ ሰረዝ መቀለድ አይገባም።»

ይጨበጨባል። ፎቶ ይነሳሉ። እውነቱን ለመናገር በገምጋሚውም በአማካሪውም አልፈርድም፤ በአንድ ሴሚስተር ይህን ሁሉ ቡድን ጭነውበት፣ በዚያ ደሞዝ፣ እያንዳንዱን ወረቀት ያንብብ ማለት ግፍ ነው። ተማሪው የጻፈ ይመስላል፣ መምህሩ ያነበበ ይመስላል፤ እከክልኝ ልከክልህ ነው፤ ዩኒቨርሲቲውም በጥቁር ሽፋን፣ በወርቅማ ፊደል የተጠረዘውን ተቀብሎ መጋዘን ያስገባል። አንዳንዱ ዕድለኛ ወረቀት ደግሞ ከመጋዘን ወጥቶ ቆሎ ይጠቀለልበታል። የምርምር ውጤት ኅብረተሰቡ ዘንድ ይድረስ ተብሎ የለም እንዴ?

የድሮዎቹን ሳስብ ያሳዝኑኛል። በ1960ዎቹና 70ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ ኋላም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በተባለው ግቢ፣ ታሪክ ያጠና የነበረ ተማሪ ለአንዲት የቢኤ ጽሑፍ ብሎ አገሩ ድረስ ይወርድ ነበር። ሽማግሌ ለሽማግሌ ሲዞር ይከርማል፤ ከተማዋን ማን ቆረቆራት፣ ገበያው በየትኛው ቀን ይውል ነበር፣ ግብሩን ማን ሰበሰበ እያለ ይጠይቃል። የነገሩትን ሰዎች ስም፣ ዕድሜና ያነጋገረበትን ቀን መጨረሻ ላይ ይዘረዝራል። የአማርኛ ክፍል ልጆችም የለቅሶ ግጥምና ቀረርቶ ፍለጋ ገጠር ለገጠር ይንከራተቱ ነበር። ምን አተረፉ? ሽማግሌዎቹ ሞቱ፤ የነገሯቸው ግን ስድስት ኪሎ፣ በ1963 (እ.ኤ.አ.) በተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ዛሬ ስለዚያ ዘመን የሚጽፍ ትልልቅ ፕሮፌሰር፣ የውጭውም የአገር ውስጡም፣ ያንን በታይፕ የተመታ የሃያ ምናምን ዓመት ልጅ ወረቀት በግርጌ ማስታወሻው ሲጠቅስ ታያላችሁ። አንድ የቢኤ ተማሪ ፕሮፌሰር ማስቸገር ነበረበት? የዘንድሮውን ማንም አይጠቅሰውም፤ ማንንም አያስቸግርም።

ዶክተር አክሊሉ ለማንም እንዲሁ ነው የማዝንላቸው፤ እሳቸው እንኳ የቢኤ ተማሪ አልነበሩም። በ1964 (እ.ኤ.አ.) አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ቆመው፣ ከእጥበቱ በታች ያለው ቀንድ አውጣ ሞቶ አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያሻግረው ቀንድ አውጣ ስለሆነ ነገሩ ከነከናቸው፤ ከዚያ በኋላ የነበረው ድካም ዕድሜያቸውን ፈጀ። ዛሬ ቢሆን ወንዝ ድረስ ምን ያስኬዳቸዋል? ቴሌግራም ላይ «ፕሮፖዛል፣ ሪሰርች፣ ዳታ አናሊሲስ፣ በጥራትና በፍጥነት» የሚል ቻናል ይገቡና፣ ቀንድ አውጣው በፈለጉት በመቶኛ ሞቶ ይላክላቸዋል። ካልሆነም ሰው ሠራሽ አስተውሎቱ አለ፤ ያልተወለደ ተመራማሪ ባልታተመ መጽሔት ላይ የጻፈውን እየጠቀሰ ይረዳቸዋል።

ይህን ሁሉ መንገድ ትቶ በድሮው የሚሄድ ሰው ምን እንደሚገጥመው ከቤታችን ልንገራችሁ። የእህቴ ልጅ ዘንድሮ በባዮሎጂ ተመርቃለች። ሰፈራችን ለቁስል የሚደረግ አንድ ቅጠል አለ፤ ባክቴሪያ ይገድል እንደሆን አያለሁ ብላ ተነሳች። ቅጠሉን ጥላ ላይ አድርቃ፣ ወቅጣ፣ በአልኮል ዘፍዝፋ፣ ባክቴሪያውን በሳህን ላይ አሳድጋ፣ 37 ዲግሪ ውስጥ አሳደረችው። መብራት ጠፍቶ ተበላሸባት፤ ደገመችው። ጠዋት ስታየው በቅጠሉ ጭማቂ ዙሪያ ባክቴሪያው ምንም ሳይመስለው ተንጣሎ አድሯል። ባክቴሪያው የሞተበትን ክብ ስፋት በማስመሪያ ለካች፤ ዜሮ። ሦስቱም ሳህን ላይ ዜሮ።

አማካሪዋ ደነገጡ። «አይሠራም ብለሽ ልትመረቂ ነው?»

ጓደኞቿ አዝነውላት ጥረዛ ቤት ይዘዋት ሄዱ። ልጁ ሠንጠረዡን አየት አድርጎ «14.33 ± 0.58» ብሎ ጻፈላት። ሦስቱ ሳህኖች 14፣ 14 እና 15 ሚሊሜትር ናቸው ማለት ነው፤ «ሦስቱ እኩል ከሆኑ ይነቃብሻል» ብሎ ምክሩን በነፃ ጨመረላት። የእኛዋ ደረቅ አልቀበልም ብላ ወጣች። ዜሮዋን ይዛ ቀረበች፣ ገምጋሚዎቹ «ለኅብረተሰቡ ምን ይጠቅማል?» አሏት፣ «ቁስል ላይ የሚያደርጉት ሰዎች ሐኪም ቤት እንዲሄዱ» አለች፣ ሲ ሰጧት።

እህቴ እስካሁን አልተጽናናችም። ቡና በተፈላ ቁጥር ይኸው ነው ወሬዋ፤ «የጎረቤቴ ልጅ አራት ዓይነት ጀርም ገድላ በኤ ተመረቀች፤ የእኔዋ አራት ዓመት ሙሉ ተምራ አንዷን እንኳ መግደል አቃታት!»