ከብረት መጀመሪያ የሚወጣው 4ኤስ ነው

ወንድሜ፣ ለኮዬ ፈጬ የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች የለጠፍከውን የኬሚስትሪ ማጠቃለያ አየሁት። በርታ። አንድ ነገር ግን ይታረም። «መጨረሻ የገባ ኤሌክትሮን መጀመሪያ ይወጣል» ብለህ የብረትን +2 አዮን (ሁለት ኤሌክትሮን የለቀቀውን አቶም) 3ዲ⁴ 4ኤስ² አድርገኸዋል፤ 3ዲ የሚሞላው ከ4ኤስ በኋላ ነዋ። (3ዲ እና 4ኤስ የኤሌክትሮን ማደሪያዎች ናቸው፤ ከላይ ያለችው ትንሽ ቁጥር ስንት ኤሌክትሮን እንዳለባቸው ትናገራለች።) ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚለው፤ ግን ስህተት ነው።

ብረት 26 ኤሌክትሮን አለው። የአርጎንን 18 ስትቀንስ የሚቀረው 3ዲ⁶ 4ኤስ² ነው። አዮን ሲሆን ቀድመው የሚለቁት ሁለቱ የ4ኤስ ናቸው፤ የውጪው ሼል (የኤሌክትሮን ንብርብር) እሱ ነዋ! የሚተርፈው 3ዲ⁶ ነው። ሦስተኛው ሲወጣ 3ዲ⁵ ይሆናል። እዚያው ሰፈር በየቆርቆሮ አጥሩ ላይ የምታየው ቀይ ዝገት ውስጥ ያለው ብረት ይኸኛው ነው።

የካልሲየሙ መልስህ የገጠመልህ 3ዲው ባዶ ስለሆነ ነው። ከስካንዲየም እስከ ዚንክ ያሉትን ግን ከፈተናው በፊት እንደገና እያቸው።