ይድረስ ለክቡር የድመት ፀጉር፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ አዲስ ጠራጊ ሮቦት መግዛቴን አስቀድሞ ስለማሳወቅ

ክቡር ሆይ፤

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ይህን ደብዳቤ በፖስታ መላክ አላስፈለገኝም፤ እርስዎ በጥቁሩ ካፖርቴ እጅጌ ላይ ጋደም ብለው ገና ስጽፈው እያነበቡት ነው። ትናንት ማታ በሚያጣብቅ ወረቀት ያነሳሁዎት መስሎኝ ነበር። ምናልባት ዛሬ የማየው ወንድምዎን ይሆናል፤ መቼም የዘመድዎን ብዛት ቆጥሬ አልጨርሰውም።

እንደሚያስታውሱት፣ በመካከላችን ያለውን አለመግባባት ማሽን እንዲዳኘን ብዬ ባለፈው ዓመት አንድ ጠራጊ ሮቦት ወደ ቤት አስገብቼ ነበር። ስመርጥ ያየሁት አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ የመሳብ ኃይሉ የሚለካበትን ፓስካል። አንዱ ካርቶን 4000 ሲል ጎረቤቱ 6000 ይላል፤ ሦስተኛው 8000 ብሎ ሁለቱንም ያሳፍራል። እኔም እንደ ጨረታ ከፍ ያለውን አነሳሁ። ፓስካል የግፊት መለኪያ መሆኑን፣ አየሩ ራሱ በባሕር ጠለል ላይ 101,325 ፓስካል ያህል እንደሚጫነን ያነበብኩት ከከፈልኩ በኋላ ነው። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሞተሩን አቅም እንጂ ወለሉ ድረስ የሚወርደውን የአየር ፍሰት አይናገርም። እርስዎን ከምንጣፍ ክር መሐል የሚነቅለው ዋናው ነገር የሚሽከረከረው ብሩሽ ነው። እርሱን ግን ገልብጬ እንኳ አላየሁትም።

ኋላ አየሁት። እንደ ጥርስ ብሩሽ ዙሪያውን ፀጉር የተተከለበት ነበር። ፀጉርን በፀጉር መያዝ የማን ሐሳብ እንደነበረ አላውቅም። በሳምንቱ ማሽኑ ሲጥ ሲጥ ማለት ጀመረ። ገልብጬ ስከፍተው እርስዎ ከነዘመድ አዝማድዎ የብሩሹን ሁለት ጫፎች እንደ ቀለበት አጥብቀው ከበውታል፤ ብረቱ ከፕላስቲኩ ጋር በሚገናኝበት ቀዳዳ ውስጥ ደግሞ ተጠቅጥቀው ባና መስለዋል። የጥፍር መቀስና ወረንጦ ይዤ ወለል ላይ ተቀመጥኩ። መቁረጥ፣ መሳብ፣ እንደገና መቁረጥ። የፊቱን ትንሽ ጎማ ነቅዬ ሳወጣ እንዝርቷ ላይ ሌላ ቤተሰብ አገኘሁ። ሩብ ሰዓት ያህል እንደሠራሁ ድመቷ መጣች፤ የተገለበጠውን ማሽን አሸተተች፤ ሆዱ ላይ ወጥታ ተኛች። ስትነሳ የጠበቀኝ ፀጉር ከጀመርኩበት ይበልጥ ነበር።

የውሻችንን ሌሊት፣ እርስዎ ባይጠየቁበትም፣ ሳላነሳው አላልፍም። ውሻው አርጅቷል፤ አንዳንድ ሌሊት እስኪነጋ መታገሥ አይችልም። እኔ ደግሞ ብልህ መስሎኝ ማሽኑን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሥራ እንዲጀምር አዝዤው ነበር። ሮቦቱ መንገዱን የሚያየው አናቱ ላይ በሚሽከረከር ሌዘር ነው፤ ሌዘሩ ግድግዳና የወንበር እግር ያያል፤ ከእርሱ ቁመት በታች ወለል ላይ የተጋደመውን ግን አያይም። አላየምም። ያገኘውን ይዞ ከሳሎን ወደ መተላለፊያው፣ ከመተላለፊያው ወደ መኝታ ቤት፣ ቀጥ ባለ መስመር እየሄደና እየተመለሰ፣ አንዲት ጥግ ሳያስቀር ቀባው። የጎን ብሩሹ ለግድግዳውም ድርሻውን ሰጠው። ጠዋት ስልኬን ስከፍት መልእክት ጠብቆኛል፦ «ጽዳቱ ተጠናቋል። 42 ካሬ ሜትር።» የሄደበትንም ካርታ አያይዟል። ካርታው ትክክል ነው፤ በአፍንጫዬ ተከትዬ አረጋግጫለሁ።

ስለዚህ ሁለተኛውን ልመርጥ ስወጣ ዓይኔ ተገልጦ ነበር። ሻጩ የቤት እንስሳ እንዳለኝ ጠየቀኝ።

«አንድ ድመትና አንድ ሽማግሌ ውሻ» አልኩት።

«እንግዲያው ይህን ይውሰዱ፤ ለእንስሳት ቤት ተብሎ የተሠራ ነው።»

«ከዚያኛው በምን ይለያል?»

ካርቶኑን አዙሮ በጥሞና ተመለከተ። «የድመት ሥዕል አለው» አለኝ።

ገልብጦ እንዲያሳየኝ ለመንኩት። ብሩሹ ላይ ፀጉር የሌለው፣ ሁለት የጎማ ጥቅልሎች ጎን ለጎን የሚሽከረከሩበት፣ ጫፎቹም ያለ ብሎን መፍቻ በእጅ የሚወልቁትን መረጥኩ። አሁንም ይጠመጠሙበታል፤ ነገር ግን መቀሱ ይቀንሳል። ፊቱ ላይ ካሜራና መብራት አለው፤ ወለል ላይ ያለውን ለይቶ ይሸሻል ተብሏል። ቢባልም የሌሊት ፈረቃው ቀርቷል። የሆዱ ማጠራቀሚያ ግማሽ ሊትር እንኳ ስለማይሆን እርስዎ በአንድ ክፍል ይሞሉታል። ክብደት የለዎትም፤ ቦታ መያዝ ግን ያውቁበታል። ስለዚህ የመረጥኩት ቻርጅ ወደሚደረግበት ጣቢያ ተመልሶ ራሱን ወደ ከረጢት የሚያራግፍ ነው። ሲያራግፍ ግን ያጓራል፤ ድመቷ ደንግጣ ስትሮጥ ደግሞ በየመንገዱ እርስዎን ትበትናለች።

በአንድ ነገር ልሟገትልዎት። እንግዶች ባስነጠሱ ቁጥር የሚረግሙት እርስዎን ነው። አለርጂው ግን የሚመጣው ከድመት ምራቅና ከቆዳ ዕጢዎች ከሚወጣ ፕሮቲን ነው፤ እርስዎ ጭነቱን ተሸክመው የሚዞሩ ተላላኪ ነዎት። 0.3 ማይክሮን የሆኑ ቅንጣቶችን 99.97 በመቶ የሚያስቀር ሄፓ ማጣሪያ ላይ ገንዘብ የጨመርኩት ለጭነትዎ ስል ነው፤ ለእርስዎ ሽራፊ ሳንቲም አላወጣሁም።

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ነጥብ ልምጣ። ሮቦቱ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚረዝም ሶፋችን ሥር አይገባም፤ ሶፋው ላይም አይወጣም። የእርስዎ ዋና መሥሪያ ቤት ደግሞ ሶፋው ላይ ነው። ወለሉ ላይ የምናሳድዳቸው ለመስክ ሥራ የወጡትን ብቻ ነው። ጥቁሩ ምንጣፍም ጥገኝነት ሰጥቶዎታል፤ ማሽኑ ከደረጃ እንዳይወድቅ ሆዱ ሥር የሚረጨው ጨረር ከጥቁር ነገር ላይ በቅጡ ስለማይመለስለት፣ የመጀመሪያው ሮቦት ምንጣፉን ገደል ነው ብሎ ጠርዙ ላይ ቆሞ ያፈገፍግ ነበር። አዲሱ ይደፍረው እንደሆነ ሲመጣ እናያለን።

ማሽኑ በሚቀጥለው ሳምንት ይደርሳል። እስከዚያው በሶፋው ላይ ያለዎትን መብት እንደያዙ እንዲቆዩ እየጠየቅኩ፣ ቅዳሜ ጠዋት እንደተለመደው ወለል ላይ፣ መቀሱ ባለበት እንገናኝ።

ከሰላምታ ጋር፣
የማሽኑ ጽዳት ሠራተኛ

ግልባጭ፦
ለድመቷ፣ ሶፋው ላይ
ለውሻው፣ ከመኝታ ሰዓት በፊት በር እንዲያንኳኳ
ለጥቁሩ ካፖርት፣ ለመረጃ ያህል