ከቦዶ በላይ ስንት ሌሊት? በኖርዌይ ጠረፍ የሰሜኑን ብርሃን ለማየት ለሚያስቡ

ብርድ በገባ ቁጥር በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ የጉዞ ወኪሎች አንድ ዓይነት ጉዞ ደጋግመው ያስተዋውቃሉ፦ በኖርዌይ ጠረፍ በመርከብ 12 ቀን፣ የሰሜኑን ብርሃን (በሌሊት ሰማይ ላይ የሚታየውን አረንጓዴ ነጸብራቅ፣ አውሮራን) ፍለጋ። ማስታወቂያው ላይ ጎልቶ የሚጻፈው የቀኑ ብዛት ነው። ብርሃኑን ለማየት የሚጠቅመው ግን ከአርክቲክ ክበብ (በሰሜን ዋልታ ዙሪያ ከሚሰመረው የካርታ መስመር) በላይ የሚታደረው ሌሊትና የዚያ ሌሊት ሰማይ መጥራት ነው። ሻጮች ይህን የሌሊት ቁጥር ከዋጋው አጠገብ ሊያስቀምጡት ይገባል። እነሱ እስኪያደርጉት ድረስ ደግሞ ገዢው ራሱ ይቁጠር።

መስመሩ ለቱሪስት ተብሎ የተፈጠረ አይደለም። ካፒቴን ሪቻርድ ዊት እ.ኤ.አ. በ1893 «ቬስተሮለን» በተባለችው የእንፋሎት መርከብ ከትሮንድሄም እስከ ሃመርፌስት የጀመረው የፖስታ፣ የጭነትና የመንገደኛ አገልግሎት ነው። ዛሬ ከበርገን ተነስቶ በሩሲያ ድንበር አጠገብ እስካለችው ኪርከነስ 34 ወደቦችን ያዳርሳል። ከ2021 ወዲህ ሁርቲግሩተን እና ሃቪላ የተባሉ ሁለት ኩባንያዎች ከኖርዌይ መንግሥት ጋር ተዋውለው ይሠሩበታል። የሕዝብ ማመላለሻ ስለሆነ ሙሉውን ጉዞ የመግዛት ግዴታ የለም፤ ከአንዱ ወደብ ተሳፍሮ በሌላው መውረድ ይቻላል።

እንቁጠረው። ከበርገን የተነሳች መርከብ የአርክቲክን ክበብ የምታቋርጠው በ4ኛው ቀን ጠዋት ነው። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከክበቡ ትንሽ በላይ ካለችው ከቦዶ ከተማ ትነሳለች፤ ማታውን ሎፎተን ደሴቶች፣ በ5ኛው ቀን ትሮምሶ፣ በ6ኛው ሆኒንግስቮግ፣ በ7ኛው ጠዋት ኪርከነስ ትደርሳለች። ስትመለስ በ10ኛው ቀን ሌሊቱ ሳይነጋ ቦዶ ትገባና ጠዋት ክበቡን ወደ ደቡብ ትሻገራለች። ከ11ዱ ሌሊቶች ከክበቡ በላይ የሚታደሩት 6ቱ ብቻ ናቸው። በቀሩት 5 ሌሊቶች ፊዮርድ (በተራሮች መካከል የገባ ጠባብ የባሕር ክንድ) እና ከተማ ይታያል፤ ብርሃኑ ከታየ ግን እንደ ዕድል ይቆጠራል። ስለዚህ ዓላማው ብርሃኑ የሆነ ሰው ከትሮንድሄም በባቡር ቦዶ ገብቶ (10 ሰዓት ገደማ ይፈጃል) ከቦዶ ኪርከነስ፣ ከኪርከነስ ቦዶ ቢሳፈር እነዚያኑ 6 ሌሊቶች ያገኛቸዋል። በመመለሻው ጉዞ ቦዶ ላይ በሌሊት ስለሚወረድ ሆቴሉን ለዚያች ሌሊት ጭምር መያዝ ያስፈልጋል።

ቦዶ ላይ መስመር ያሰመርንበት ምክንያት ይህ ነው፦ ከፀሐይ የሚመጡት ቅንጣቶች በመሬት መግኔታዊ መስክ ተመርተው ከባቢ አየር ገብተው ብርሃኑን የሚፈጥሩት በመግኔታዊው ዋልታ ዙሪያ በሚገኝ ሞላላ ቀለበት ላይ ነው። ጸጥ ባሉ ሌሊቶች እንኳ ይህ ቀለበት የሰሜን ኖርዌይን ሰማይ ይሸፍናል። ኢትዮጵያ ለዚህ ነገር ፍጹም ተቃራኒዋ ናት፤ የመሬት መግኔታዊ ወገብ የሚያልፈው በእኛው ምድር ላይ ነውና።

ከዚህ ተነስተን «ፀሐይ ጉልበቷ ጫፍ ላይ ነው፣ ዘንድሮ ካላዩ 11 ዓመት ይጠብቃሉ» የሚለውን የሽያጭ ወሬ አንቀበለውም። ናሳና የአሜሪካው የውቅያኖስና የከባቢ አየር ተቋም ኖኣ በጥቅምት 2024 ፀሐይ የዑደቷ ከፍተኛ ምዕራፍ ላይ መድረሷን ማስታወቃቸው እውነት ነው። በዚህ የሚጠቀመው ግን በዋናነት ቀለበቱ ሲሰፋ ብቻ የሚደርሰው ደቡቡ ነው። ትሮምሶ ላይ ፀሐይ በደከመችባቸው ዓመታትም ብርሃኑ ይወጣል። የመሬት መግኔታዊ መስክ መናወጥ ከ0 እስከ 9 የሚለካበት የኬፒ መጠን 2 ሆኖ ሳለ «ዛሬ ደካማ ነው» ብለው የሚተኙ ተሳፋሪዎች ያሳዝናሉ፤ በዚያ ኬክሮስ 2 በቂ ነው።

ወሩን በተመለከተ ብዙ ሰው ታኅሣሥን ይመርጣል፤ በትሮምሶ ከኖቬምበር 27 ገደማ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ፀሐይ ስለማትወጣ ጨለማ ይበዛል ብሎ ነው። እኛ ከፌብሩዋሪ አጋማሽ እስከ ማርች መጨረሻ ያለውን፣ ማለትም የካቲትንና የመጋቢትን አብዛኛውን እንመርጣለን። ሌሊቱ አሁንም ረጅም ነው፣ ቀን ላይ ደግሞ ተራራው ይታያል። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ወቅት የመሬትና የፀሐይ መግኔታዊ መስኮች አቀማመጥ ስለሚመቻች ብርሃኑም ይበረታል። ወቅቱ ከዐቢይ ጾም ጋር እንደሚገጥም ልብ ይበሉ፤ የመርከቡ ማዕድ ዓሣ፣ ቅቤና ወተት ስለሚበዛበት የጾም ምግብ (ቪጋን ብለው) ቲኬት ሲቆርጡ ማስመዝገብ እንጂ ተሳፍሮ መጠየቅ አያዋጣም።

ትልቁ ጠላት ደመና ነው። አረንጓዴው ብርሃን የሚፈጠረው ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ደመናው ከ10 ኪሎ ሜትር በታች። የመርከብ ድክመቷም እዚህ ላይ ነው፦ የትሮምሶ አስጎብኚ መኪና ሰማይ ፍለጋ ወደ መሃል አገር፣ ወደ ደረቁ የሺቦትን ሸለቆ ሊነዳ ይችላል፤ መርከቧ ግን የጊዜ ሰሌዳዋን ትከተላለች። በምላሹ በአንድ ሌሊት ብዙ መንገድ ስለምትሄድ በመንገዷ የጠራ ሰማይ ሊገጥማት ይችላል። ከኬፒው ይልቅ የኖርዌይ ሜትዎሮሎጂ ተቋምን የደመና ትንበያ ለቀጣዮቹ ሦስት ወደቦች ቢያዩ ይሻላል። ከመሬት 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀው የፀሐይን ነፋስ የሚለኩት ሳተላይቶች የሚሰጡት ማስጠንቀቂያ አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊት በሰዓት ቆርጦ የሚናገርን ሰው አይመኑ።

ብርሃኑ በብዛት የሚወጣው ከምሽቱ 12 እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ባለው ጊዜ ነው። በካቢኑ ውስጥ ያለው የማስታወቂያ ድምጽ መከፈቱን ያረጋግጡ። ማስታወቂያውን ብቻ መጠበቅ ግን አይበቃም፤ ሠራተኞቹ የሚጠሩት ደምቆ ሲያዩት ነው። ደካማው ቅስት በዓይን ሲታይ አረንጓዴ አይደለም፤ ስስ፣ ግራጫ ጉም ይመስላል፣ ብዙ ሰውም ደመና ነው ብሎ ይገባል። መለያው ከዋክብት ናቸው፦ ደመና ይሸፍናቸዋል፣ በብርሃኑ ውስጥ ግን አልፈው ይታያሉ። ከተጠራጠሩ ስልክዎን በሌሊት ሁነታ ለ3 ሰከንድ ያነጣጥሩ፤ አረንጓዴ ከሆነ እሱ ነው። ዓይን ጨለማ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ስለሚፈልግ በየመሃሉ ስልክ ማየት ሥራውን እንደ አዲስ ያስጀምረዋል።

ለካሜራ ባለ ሦስት እግር መቆሚያ መርከብ ላይ ብዙም አይረዳም፤ የሞተሩን ንዝረት ይቀበላል፣ መርከቧ ስትወዛወዝም ከዋክብቱ ይሰመራሉ። ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ ወደ 1 ወይም 2 ሰከንድ አሳጥሮ አይኤስኦውን (ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከ3200 እስከ 6400 ማድረግ፣ የሌንሱን ክፍተት ኤፍ 2.8 ወይም ከዚያ ባነሰ ቁጥር መክፈት ይሻላል። ትርፍ ባትሪ የውስጥ ኪስ ውስጥ ይሁን። ወደ ሞቀው ካቢን ከመግባትዎ በፊት ካሜራውን በፕላስቲክ ከረጢት አጥብቀው ይዝጉ፤ አለበለዚያ እርጥበቱ ሌንሱ ላይ ይጤዛል።

ጠረፉ በሞቃታማው የባሕር ጅረት ምክንያት እንደሚፈራው አይበርድም፤ የሚጎዳው ነፋሱ ነው። ሙቀቱ ከዜሮ በታች 5 ሆኖ መርከቧ በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ብትሄድ ሰውነት የሚሰማው ከዜሮ በታች 13 ገደማ ነው። ከውስጥ ጥጥ ሳይሆን ሱፍ፣ ከላይ ነፋስ የማያስገባ፣ ለጫማም የሚታሰር የበረዶ ጥርስ ያስፈልጋል።

ከቦዶ መነሳት ስታድና ሁስታድቪካ የተባሉትን ክፉ የባሕር ክፍሎች ያስቀራል። እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 2019 «ቫይኪንግ ስካይ» የተባለች የሌላ ኩባንያ የመዝናኛ መርከብ 1,373 ሰዎችን ይዛ ሞተሮቿ የጠፉት ሁስታድቪካ ላይ ነው፤ የሞተር ዘይቷ መጠን ዝቅ ብሎ ስለነበር ማዕበሉ ሲያናውጣት ፓምፖቹ ዘይት መሳብ አቃታቸው። 479 ሰዎች በሄሊኮፕተር ወጡ። ቬስትፊዮርድ፣ ሎፕሃቬትና ከሆኒንግስቮግ ምሥራቅ ያለው ክፍት ባሕር ግን ከቦዶም በኋላ ይቀራሉ። ለእነሱ በታችኛው ፎቅ መሃል ላይ ያለ ካቢን ይምረጡ፣ የማጥወልወል ክኒኑንም ባሕሩ ከመናወጡ በፊት ይዋጡ። በማዕበል ጊዜ እንደ በርሌቮግ ያሉ ትናንሽ ወደቦች ይዘለላሉ፣ ሰዓትም ይዛነፋል፤ በሚወርዱበት ቀን አውሮፕላን አይያዙ።

በመጨረሻ «ብርሃኑ ካልታየ ሌላ ጉዞ በነጻ» የሚለው ዋስትና አለ። ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው አጠር ያለ የመርከብ ጉዞ እንጂ ገንዘብ አይደለም፣ ረጅሙን ጉዞ ለገዛ ብቻ ነው፣ የአውሮፕላኑ ወጪም የተጓዡ ነው። «ታይቷል» ብሎ የሚመዘግበው ማን ነው? ተሳፋሪው ተኝቶ ሳለ ለጥቂት ደቂቃ ቢወጣ ይቆጠራል? ከቦዶ ቦዶ የተቆረጠ ቲኬትስ ይካተታል? መልሱን ከመክፈልዎ በፊት በጽሑፍ ይቀበሉ።