የተውከው የማንን ነው?

የምስክርነት ሰዓት ነበር። አንድ ወንድም ማይኩን ይዞ «ጌታ ተናግሮኛል፣ ሥራዬን ለቅቄ ሙሉ ጊዜዬን ለአገልግሎት ልሰጥ ወስኛለሁ» አለ። አዳራሹ በእልልታና በጭብጨባ ተናጋ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ልጅ አቅፋ የተቀመጠችው ሚስቱ ወሬውን የሰማችው ከእኛ እኩል ነው። መጀመሪያ ዞር ዞር ብላ ሰዉን አየች። ከዚያ ልጇን ወደ አንድ ክንዷ አዛውራ በሌላው እጇ ጭኗን መታ መታ አደረገች፤ ማጨብጨቧ ነው። ምን ታድርግ? ሰው ሁሉ እያየ «ቆይ፣ የቤት ኪራዩስ?» ብላ አትነሳ።

ሰውየው ውሸታም ነው አላልኩም። ጥሪው እውነተኛ ሊሆን ይችላል። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ስለ ደቀ መዝሙርነት ስንሰብክ ሁሉን ትቶ መከተልን እንደ ጀግንነት እናወራለን፤ የተተወው ነገር የማን እንደነበር ግን አንጠይቅም። ደሞዙ በሱ ስም ይውጣ እንጂ ቤተሰቡ በሙሉ ይኖርበታል። እሱ «ዋስትናዬን ለቀቅኩ» ሲል እግራቸው ሥር ያለው መሬት የሚከዳቸው ሰዎች አሉ። እነሱን ደግሞ ማንም አልጠየቃቸውም።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። ለጥሪ ብለህ የራስህን ብትተው ደቀ መዝሙርነት ነው፣ ባርኔጣዬን አነሳልሃለሁ። የሌላውን ሰው ሳትጠይቀው ትተህ «ዋጋ ከፈልኩ» ስትል ግን አልስማማም። ዋጋውን የከፈለው ሌላ ሰው ነዋ።

«ወንጌሉስ?» የሚለኝ አይጠፋም። እስኪ ወንጌሉን እንየው። ያዕቆብና ዮሐንስ ሲጠሩ ማርቆስ አንዲት ነገር ጣል አድርጎ ያልፋል። አባታቸውን ዘብዴዎስን ከሞያተኞቹ ጋር በታንኳው ትተው ሄዱ ይላል (ማርቆስ 1፥20)። ከሞያተኞቹ ጋር! አባትየው ብቻውን መረብ ታቅፎ አልቀረም፤ ቅጥር ሠራተኞች ነበሩት። ማርቆስ ይህን የጻፈው እኔ ለምለው ነገር ማስረጃ እንዲሆን ነው ብዬ አልምልም። ግን ዝርዝሩ እዚያው አለ፣ እኛ ስንሰብከው እንዘለዋለን እንጂ። እናታቸውም ብትሆን ኋላ ላይ ከተከታዮቹ መካከል ትገኛለች፤ ማቴዎስ መስቀሉን ከሩቅ ሆነው ያዩ ከነበሩት ሴቶች ጋር ቆጥሯታል።

ጴጥሮስንም ተመልከቱት። መረቡን ጥሎ ከተከተለ በኋላ እዚያው ምዕራፍ ላይ ጌታ ወደ ጴጥሮስ ቤት ገባ፤ አማቱ በንዳድ ታማ ተኝታ ነበር፣ እጇን ይዞ አስነሳት። «እነሆ፣ ሁሉን ትተን ተከተልንህ» ያለው ይኸው ሰውዬ ነው። ከዓመታት በኋላ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ኬፋ፣ ማለትም ጴጥሮስ፣ ሚስቱን ይዞ እንደሚዞር ያነሳል (1ኛ ቆሮንቶስ 9፥5)። ስለዚህ በጴጥሮስ አፍ «ሁሉን» የሚለው ቃል ሚስትን አውጥቶ መጣልን አልጨመረም።

ከብሉይ ኪዳን ደግሞ ኤልሳዕ አለ፤ የኔ ተወዳጅ እሱ ነው። ነቢዩ ኤልያስ ሊጠራው መጎናጸፊያውን ሲጥልበት በአሥራ ሁለት ጥማድ በሬዎች እያረሰ ነበር። ደህና ሀብታም ቤት ነው እንግዲህ። አባቴንና እናቴን ስሜ ልምጣ አለ። ከዚያ የራሱን ጥማድ በሬዎች አርዶ፣ በእርሻው ዕቃ እንጨት ሥጋውን ቀቅሎ፣ ሕዝቡን አብልቶ ሄደ (1ኛ ነገሥት 19)። መመለሻ አልተወም፣ የእውነት ቆርጧል። ግን ያረደው የራሱን ጥማድ ነው። የሌሎቹን ጥማዶች አልነካም፤ ተሰናብቶም ነው የወጣው።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ዊልያም ኬሪ የሚባለውን እንግሊዛዊ ጫማ ሰፊ ብዙ አማኝ ያውቀዋል። በራሱ ጥረት ቋንቋዎች ተምሮ፣ ሰባኪ ሆኖ፣ በ1793 ወደ ህንድ የሄደ ሰው ነው። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ቤንጋሊ ተርጉሟል፣ ወደ አገሩም ሳይመለስ በ1834 እዚያው ሞቷል። በሚሲዮን ታሪክ ላይ እንደ አባት የሚጠራ ነው። ስብከት ላይም ስሙ ሲነሳ «ይህ ሰው ሁሉን ትቶ…» ይባላል።

ሚስቱ ዶሮቲ ግን አልሄድም ብላ ነበር። ነፍሰ ጡር ነበረች፣ ትንንሽ ልጆችም አሏት። ኬሪ የመጀመሪያ ልጁን ብቻ ይዞ ጉዞ ጀመረ። የመርከቡ ጉዳይ ተበላሽቶ ሲመለስ እሷ ከወለደች ገና ሳምንታት ነበሩ፤ ያኔ ተለመነች፣ ተገፋፋች፣ በመጨረሻ እህቴ አብራኝ ከሄደች እሺ አለች። በ1794 የአምስት ዓመት ልጃቸው ጴጥሮስ ህንድ ውስጥ በተቅማጥ በሽታ ሞተ። ከዚያ በኋላ የዶሮቲ አእምሮ ታወከ። እስከሞተችበት እስከ 1807 ድረስ አልዳነችም። ባልየው መጽሐፍ ቅዱስ ይተረጉማል፣ እሷ በዚያው ቤት ትሰቃያለች።

በኬሪ ላይ ለመፍረድ አይደለም። እኔ ማን ነኝና። የሠራው ሥራ በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ሰዎች ተርፏል፤ ባሏን በሞት ያጣች ሴት በቁሟ በእሳት የምትቃጠልበት ልማድ እንዲቀር ከታገሉት አንዱም እሱ ነው። ግን ለምንድነው የዶሮቲን ስም ስብከት ላይ የማንሰማው? ከሁለቱ ብዙ የከፈለው ማን ነው? እሱ የሚወደውን ሥራ አገኘ። እሷ ልጇንም አእምሮዋንም አጣች፤ ያውም አልሄድም ብላ እያለ። ይህን ታሪክ «የእምነት እርምጃ» ብለን የእሱን ግማሽ ብቻ ስናወራ ለቀጣዩ ወጣት አገልጋይ ምን እያስተማርነው ነው?

የግብፁ ቅዱስ እንጦንስም በዚህ መነጽር ቢታይ አይከፋም። በ270 አካባቢ፣ ወላጆቹ ከሞቱ ብዙም ሳይቆይ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «ፍጹም ልትሆን ብትወድ ሂድና ያለህን ሸጠህ ለድሆች ስጥ» የሚለው ሲነበብ ሰማ። መሬቱን ለመንደሩ ሰዎች ሰጠ፣ ዕቃውን ሸጠ፣ ለታናሽ እህቱ ግን ትንሽ አስቀረላት። ሌላ ቀን ደግሞ «ለነገ አትጨነቁ» የሚለውን ሲሰማ ያችንም ጨምሮ ሰጠ። እህቱን ለሚያውቃቸውና ለሚያምናቸው ደናግል አደራ ሰጥቶ ወጣ። ታሪኩን የጻፈው አትናቴዎስ እህትየው ያኔ ምን እንዳለች አልነገረንም፤ ኋላ ላይ ግን አርጅታ የሌሎች ደናግል መሪ ሆና ወንድሟ እንዳያት ጽፏል። ብትጠየቅ ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር። ቢሆንም እንጦንስ በር ላይ ጥሏት አልሄደም፣ ሰው ፈልጎላታል።

ጌታ ራሱ በዚህ ጉዳይ የተናገረው ከኔ ይልቅ የከረረ ነው። ማርቆስ 7 ላይ አባትና እናቱን መርዳት የሚገባው ሰው «ከኔ የምትጠቀሙበት ነገር ቁርባን ሆኗል»፣ ማለትም ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ ሲል ወላጆቹን ከመርዳት ነጻ ይወጣ ነበር። ኢየሱስ ይህን የእግዚአብሔርን ቃል መሻር ነው አለው። ልብ በሉ፣ ሰውየው ገንዘቡን ጠጥቶበት አይደለም። ለእግዚአብሔር ብሎ ነው! «ለጌታ ነው» ማለት የእናትን ጉሮሮ ከመዝጋት አያድንም። ዛሬ «ጌታ ተናገረኝ» የምትለዋ ዓረፍተ ነገርም አንዳንድ ቤት ውስጥ ይህንኑ ሥራ ትሠራለች። ከሷ በኋላ ውይይት የለም። ሚስት ብትጠይቅ ከእግዚአብሔር ጋር እየተከራከረች ነው፣ አባት ቢቆጣ የሥጋ አሳብ ነው። አለቀ።

እዚህ ድረስ ሲያነብ ደስ ያለው ሰው እንዳለ አውቃለሁ። «ይኸው! እኔስ ምን አልኩ፣ ቤተሰብ አለኝ፣ ጌታ በሩን ሲከፍት እሄዳለሁ» የሚል። ወንድሜ፣ እህቴ፣ ለእናንተም ነገር አለኝ። በሩ ስንት ጊዜ እንደተከፈተና ቀስ ብላችሁ መልሳችሁ እንደዘጋችሁት እናንተ ታውቃላችሁ። ልጆቹ ይደጉ ብላችሁ ነበር፤ አደጉ። ቤቱ ይለቅ ብላችሁ ነበር፤ አለቀ። አሁን ደግሞ ጡረታው አለ። «አስቀድሜ አባቴን እንድቀብር ፍቀድልኝ» ያለው ሰው ከጌታ ያገኘው መልስ ለስላሳ አልነበረም። «ያለህን ሸጠህ ስጥ» የተባለው ያ ሀብታም ሰው ደግሞ እያዘነ ሲሄድ ኢየሱስ አልተከተለውም፣ «እሺ ግማሹን» ብሎ አልተደራደረውም። ማርቆስ ጌታ አይቶ ወደደው ይላል፤ ወዶት እያለ ነው እንዲሄድ የተወው። ሰውየው ደግሞ ሚስቴ እንቢ አለች አላለም። የያዘው የራሱ ንብረት ነው።

ሉቃስ 14ን ይዛችሁ ለምትመጡብኝም ያው ነው። ከአባቱ፣ ከእናቱ፣ ከሚስቱ፣ ከልጆቹ ይልቅ እኔን ካልመረጠ ደቀ መዝሙሬ ሊሆን አይችልም የሚለውን ከባድ ቃል አልሸሸውም። ግን ሁለት ቁጥር ዝቅ በሉ። ግንብ ሊሠራ የሚወድ ተቀምጦ ኪሳራውን የማይቆጥር ማን ነው ይላል። በአንድ ትንፋሽ የተነገሩ ናቸው። እኛ ግን አንደኛው ወገን የመጀመሪያውን ብቻ፣ ሌላው ወገን ሁለተኛውን ብቻ ይዘን ተለያይተናል።

ኪሳራው ተቆጥሮም ቢሆን ሌላውን ሳይነካ ይቀራል ብዬ አላታልላችሁም። ጀርመናዊው መጋቢ ዲትሪክ ቦንሆፈር በ1939 ክረምት አሜሪካ ገብቶ ነበር። ወዳጆቹ ከሂትለር እንዲያመልጥ ብለው ሥራ አዘጋጅተውለታል። ብዙም ሳይቆይ ጦርነቱ ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት ወደ አገሩ ተመለሰ። በ1943 ታሰረ፣ ሚያዝያ 1945 ላይ ተሰቀለ። በታሰረበት ጊዜ እጮኛ ነበረችው። እሷ አገር ላገር እየዞረች ፈለገችው፤ ወላጆቹም መሞቱን ያረጋገጡት ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በሬዲዮ ነው። እነዚህም ሰዎች ከፍለዋል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ ያ ቤተሰብ ነገሩን ያውቅ ነበር፣ ወንድሙና ሁለት አማቾቹም በሂትለር ላይ በተነሳው በዚያው ትግል ውስጥ ገብተው ተገድለዋል። ማንም ከመድረክ ላይ አልሰማውም።

ሌላም አለ። ዋስትና ሲባል ሁልጊዜ ደሞዝ ብቻ ለምን ትዝ ይለናል? ሥራ መልቀቅ የማይከብደው ሰው መድረክ መልቀቅ ሊከብደው ይችላል። ከቢሮ ወንበሩ በደስታ ተነስቶ ከስብከት ወንበሩ ላይ ማንም የማያነሳው አገልጋይ ሞልቷል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የጥሪው ቀን ምናልባት ተመልሶ ተራ ሥራ የሚይዝበት ቀን ይሆናል። በጌርጌሴኖን አገር ያ ከአጋንንት የተፈታው ሰው ልከተልህ ብሎ ሲለምን ጌታ አልፈቀደለትም፤ ወደ ቤትህ፣ ወደ ቤተሰቦችህ ሂድ ነው ያለው። የሄሮድስ አዛዥ የኩዛ ሚስት ዮሐናም ከሌሎች ሴቶች ጋር ሆና በገንዘቧ ታገለግል ነበር። ጳውሎስ ቆሮንቶስ ላይ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን ይሰፋ ነበር፤ ለተሰሎንቄዎች ሲጽፍም ሌሊትና ቀን የሠራነው ከእናንተ በአንዱ ስንኳ እንዳንከብድ ነው ይላል። እንግዲህ ይህ ሰው ጥሪው ያነሰ ነበር የሚል አለ?

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ጉባኤው ነው፣ እኔንም ጨምሮ። ማጨብጨብ በነጻ ነው። ሰውየው ሥራውን ሲለቅ አልቅሰን እንጸልይለታለን፣ ስድስት ወር ሲያልፍ ስልኩን አናነሳም። ልጁ ከትምህርት ቤት ስትባረር «ጌታ ያዘጋጃል» እንላለን። ስለዚህ ሽማግሌዎች፣ መጋቢዎች፣ እባካችሁ፣ አንድ ሰው ጥሪ አለኝ ብሎ ሲመጣ ሚስቱን እሱ በሌለበት አነጋግሯት። ፈርቻለሁ ካለቻችሁ እምነት ጎደላት አትበሉ፤ ኪሳራ እየቆጠረች ነው። ያላገባ ከሆነም ማንን እንደሚጦር ጠይቁት። ከዚያ ስንት ወር እንደምትደግፉ፣ ቢታመም ምን እንደሚሆን፣ ባይሳካ ሳያፍር እንዴት እንደሚመለስ በጽሑፍ አስቀምጡ።

ይህ ለመንፈሳዊ ነገር አይበዛም ወይ የሚለኝ ካለ የሐዋርያት ሥራ 6ን ያንብብ። መበለቶች በየዕለቱ እደላ ተረሱ ተብሎ ማጉረምረም ሲነሳ ሐዋርያቱ ታገሡ ብለው አልሸኟቸውም። ሰባት ሰዎች አስመርጠው፣ እጅ ጭነው፣ ጉዳዩን ሰጧቸው። ለእኛ ሰባት ቀርቶ ሁለት ሰው ይበቃናል። አንዱ ግን ሒሳብ የሚችል ይሁን።