ማስተካከያ፦ ንፋስን የሚያስነሳው የምድር መሽከርከር አይደለም

ስለ ዓለም የንፋስ ሥርዓት ቀደም ሲል በወጣው ጽሑፍ «ንፋስ የሚነሳው ምድር ስለምትሽከረከር ነው» የተባለው ይታረም። ንፋስን የሚያስነሳው ፀሐይ ምድርን እኩል ባለማሞቋ የሚፈጠረው የአየር ግፊት ልዩነት ነው። መሽከርከሩ አቅጣጫውን ብቻ ያስቀይረዋል፤ በሰሜን ንፍቀ ክበብ ወደ ቀኝ፣ በደቡብ ወደ ግራ።

ከምድር ወገብ የተነሳው ሞቃት አየር «በቀጥታ እስከ ዋልታ ይጓዛል» መባሉም ልክ አይደለም። ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዝና እርጥበቱን እዚያው በዝናብ መልክ ያራግፋል። የደረቀው አየር 30 ዲግሪ ኬክሮስ አካባቢ ቁልቁል ይወርዳል፤ ሲወርድ ደግሞ እየሞቀ ስለሚሄድ ደመና አይፈጥርም። ሰሃራን የመሰሉ በረሃዎች በዚያ ዙሪያ የሚገኙት በአብዛኛው ለዚህ ነው።

በነገራችን ላይ፣ የእጅ መታጠቢያ ውሃ ሲፈስ በየት በኩል እንደሚሽከረከር የሚወስነው ንፋስን አቅጣጫ የሚያስቀይረው የምድር መሽከርከር ኃይል አይደለም፤ ለዚያ እጅግ ደካማ ነው።